አባቴ፣ ዶቅዶቄዋና የመንገድ ዳኝነት

በዶቅዶቄ ላይ የበቅሎ ኮርቻ ጭኖ ከአዳማ ሻሸመኔ የተጓዘ ሰው ቢኖር አባቴ ብቻ ናቸው። ኮርቻው ቀይ ግምጃ የለበሰ፣ ለትልቅ በዓል ካልሆነ ከግድግዳ የማይወርድ ነበር። «ከልጄ ጀርባ እንደ ጆንያ ተለጥፌ አልሄድም። ሰው ሲያየኝ ተጭኜ ሳይሆን ተቀምጬ ይየኝ» አሉ። ምን ላድርግ፣ ኮርቻውን ከኋላ ካለው የዕቃ መጫኛ ብረት ላይ በጠፍር ጠፍሬ አሰርኩላቸው። ሲወጡበት ከእኔ በአንድ ክንድ ከፍ አሉ። በርኖሳቸውን ደርበው፣ ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ ጭራቸውን ይዘው ሲሰየሙ እኔ ነጂ መሆኔ ቀረና የበቅሎዋን አንገት መሰልኩ።

ይህ የሆነው ጣሊያን ከመግባቱ ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ያን ጊዜ አዳማ ማለት የባቡር ጣቢያው፣ በጣቢያው ዙሪያ የተኮለኮሉ የቆርቆሮ ሱቆች፣ የቀረው ደግሞ ግራርና አቧራ ነበር። እኔ ጣቢያው አጠገብ ቆዳ ለሚገዛ ግሪክ ነጋዴ እሠራ ነበር። ሥራዬ ምን እንደሆነ እሱም እኔም በትክክል አናውቅም። ቆዳ አሰጣለሁ፣ ከደላላ ጋር እጨቃጨቃለሁ፣ የእሱ ዶቅዶቄ ስትታመም አስታምማለሁ። ባቡር ባፏጨ ቁጥር እግሬ ያሳክከኝ ነበር። ወደ ጅቡቲ ይሁን ወደ አዲስ አበባ ግድ የለኝም፣ የሚሄድ ነገር ካየሁ አብሬው ካልሄድኩ እላለሁ። አባቴ «ይህ ልጅ ሲፈጠር ጭቃው ሳይደርቅ ተነስቶ የሄደ ነው» ይሉኝ ነበር።

አባቴን ዶቅዶቄ ላይ ያወጣቻቸው እህታቸው፣ አክስቴ ነች። አክስቴ ሻሸመኔ ላይ አግብታ፣ ልጅ ሳታገኝ፣ ባሏን ረጅም ሕመም አስታማ የቀበረች ሴት ነች። ባሏ ሊሞት ሲል ቤቱንና ጓሮውን ለእሷ እንደተወላት በአባቴና በአንድ ቄስ ፊት ተናዘዘ። ቄሱም ብዙ ሳይቆዩ ተከተሉት። ወረቀት የሚባል ነገር የለም። ታዲያ የሟች ወንድም፣ ነዋሪነቱ ከሻሸመኔ ወዲህ ባለችው ነገሌ የሆነ፣ «የወንድሜ ቤት ከደሙ አይወጣም» ብሎ ከሰሳት። ነገሩ ከቀጠሮ ወደ ቀጠሮ ሲንከባለል ከርሞ ዳኛው በመጨረሻ ሰለቻቸውና «የፊታችን ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ከሁለታችሁ ያልቀረበ ተረታ! ምስክርም ያን ዕለት ካልመጣ ሁለተኛ አልሰማውም!» ብለው ቆረጡ።

ምስክር ማለት እንግዲህ አባቴ ብቻ ናቸው። እሳቸው ካልደረሱ አክስቴ ቤቷን ለቅቃ አዳማ፣ እኛ ቤት ልትገባ ነው። እሷ ከቤቷ ወጥታ በሰው ቤት ጥግ የምትቀመጥ ሴት አልነበረችም፤ በቁሟ ትሞታለች። እኛም እንተርፋለን ማለት አይደለም። አክስቴና እናቴ በአንድ ጣሪያ ሥር ያደሩ ዕለት ጎረቤቶቻችን ጦርነት የተነሳ መስሏቸው ልጆቻቸውን አዝለው ወደ ጣቢያው ሸሽተዋል።

በዚያው ሳምንት የአባቴ በቅሎ ማነከስ ጀመረች። በእግር እንዳይሄዱ ቀኑ ቀርቧል። እኔ ደግሞ አጋጣሚውን ስጠብቅ የኖርኩ ሰው፣ ግሪኩን ለመንኩት። «የሻሸመኔን የቆዳ ገበያ አይተህ ከመጣህ ውሰዳት» አለኝ። እንኳን ገበያውን ማየት፣ ቆዳውን ለብሼ እመጣለሁ አልኩት።

ስለ ዶቅዶቄዋ ልናገር። ድምጿ ሲነሳ ሞጆ ላይ ያለ ውሻ አዳማ ላይ ላለው ይመልስለት ነበር። የእግር መምቻዋ የተሰበረ ስለሆነ ገፍተው ካላሯሯጧት አትነሳም። አንዴ ከተነሳች ግን ንፋስ ነች። ስለዚህ የጉዞው ሕግ አንድ ነበር፤ አለመቆም።

አባቴ ደግሞ ሌላ ሕግ ነበራቸው።

በዚያ ዘመን የተጣላ ሰው ሁሉ ዳኛ ፍለጋ ከተማ አይወርድም። መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ የሚያልፈውን ይጠብቃል። ልብሱ የነጣ፣ ፊቱ ደህና የሆነ መንገደኛ ሲመጣ «በሕግ አምላክ!» ብለው ያቆሙታል። በሕግ አምላክ የተባለ ሰው ቤቱ እየተቃጠለም ቢሆን ይቆማል። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ከሳሽን ይሰማል፣ ተከሳሽን ይሰማል፣ ፈርዶ መንገዱን ይቀጥላል። አባቴ ለዚህ ሥራ የተፈጠሩ ነበሩ። ሰው ሲሟገት ከሰሙ ራብም እንቅልፍም አያስታውሳቸውም። እኔ ያላሰብኩት ነገር ቢኖር ይኸው ነው። ነጭ በርኖስ ለብሶ፣ ጃንጥላ ዘርግቶ፣ በቀይ ኮርቻ ላይ ከፍ ብሎ፣ በሚያገሳ ብረት የሚመጣ ሰው ያየ ባለ ጉዳይ ምን ይለዋል? ከቤተ መንግሥት በመብረቅ ተጭኖ የተላከ ዳኛ ነዋ!

ሞጆን አልፈን ወደ ደቡብ እንደታጠፍን ሁለት ገበሬዎች ከግራር ሥር ብድግ አሉ።

«በሕግ አምላክ! ጌቶች፣ በሕግ አምላክ!»

«አቁም!» አሉ አባቴ።

«አባዬ፣ ከቆምን አትነሳም!»

«አንተ ልጅ፣ ሕግ ሲጠራ እየሰማሁ እንደ ሌባ ሽሽ ነው የምትለኝ?» በጃንጥላው እጀታ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። ቆምኩ። ዶቅዶቄዋም ኧሄሄ ብላ ጸጥ አለች።

«አካም ጅርቱ፣ ጌቶች?» ሲል አንደኛው ጎንበስ ብሎ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጠ።

«ነጋ፣ ነጋ፤ ደህና ነን። ምን ሆናችሁ?»

«ንቦቼ ናቸው ጌቶች። ከእኔ ቀፎ ወጥተው እሱ ቀፎ ገቡ።»

«ጠራኋቸው እንዴ?» አለ ሁለተኛው። «መጡ! የእሱ ቀፎ ይሸታል ጌቶች። እኔም ንብ ብሆን አልኖርበትም።»

አባቴ በርኖሳቸውን ሰብስበው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «ንቦቹ ሲገቡ በአንድነት ነው ወይስ ተራ በተራ?»

«አባዬ፣ ምን ለውጥ ያመጣል?» አልኩ።

«ዝም በል፣ ችሎት ነው።»

ዝም አልኩ፤ እግሬ ግን ዝም አላለም። በዶቅዶቄዋ ዙሪያ ስሽከረከር ሣሩን ረግጬ አውድማ አደረግሁት። የንቡ ነገር ወደ ቀፎው፣ የቀፎው ነገር ወደ ዛፉ፣ የዛፉ ነገር ዛፉን ወደተከሉት አያቶች ሄደ። እኔ እንኳ እንደማውቀው ግራር ማንም አይተክልም። በመጨረሻ አባቴ የዘንድሮውን ማር ሁለቱ እንዲካፈሉ፣ ከዚያ ወዲያ ንቦቹ የመረጡት ቤት እንዲኖሩ ፈረዱ። ሁለቱም መሬት ስመው አመሰገኑና ገፍተው አስነሱን። አባቴ ከኋላዬ «አየህ፣ ሰላም አወረድን» ሲሉ ፀሐይዋ ወደ ማዘንበሉ ነበረች።

አዋሽን በመልካው ተሻገርን። ተሻገርን ስል እኛ ነን እንጂ ዶቅዶቄዋ በአራት ጎረምሳ ትከሻ ላይ ተጋድማ፣ እንደ ጥምቀት ታቦት በእልልታ ነው የተሻገረችው። አባቴም በአምስተኛው ትከሻ ላይ ሆነው ጃንጥላቸውን አላጠፉም። ከመቂ ወዲያ ሜዳው ተዘረጋ። አሸዋ ሲሆን እንንሸራተታለን፣ ጠንካራ መሬት ስናገኝ እንበራለን። ያን ጊዜ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። የዝዋይ ጉማሬዎች ድምጻችንን ሰምተው ከሐይቁ አንገታቸውን አወጡ፤ አንዷ እስከ ዛሬ ወደ ውኃ አልተመለሰችም ይባላል። ግን ልቤ ገና ስትሞቅ አንድ «በሕግ አምላክ!» ይመጣል። አዳሚ ቱሉ ላይ ስለ አጥር፣ ቡልቡላ ላይ ስለ ጥሎሽ። አባቴ ኮርቻ ላይ ከተቀመጡበት ድንጋይ ላይ የተቀመጡበት ይበልጣል። በየመንደሩ አሳዳሪ ባገኘን ቁጥር እኔ ከመተኛት ይልቅ መንገዱን እያሰብኩ ስገላበጥ የባለ ቤቱን ሰሌን ሰንጥቄ ነው የምነሳው።

«አባዬ፣ አክስቴን እናስብ እንጂ።»

«እያሰብኩ ነው። ጉሮሮዬን እየጠረግሁላት ነው።»

ሐሙስ ማለዳ ከነገሌ ወጣን። ሻሸመኔ ለዶቅዶቄ ቅርብ ነው። በቃ፣ ደረስን፣ አልኩ በልቤ። ረፋዱ ላይ አንድ ጠመዝማዛ እንዳለፍን ከዋርካ ሥር ሁለት ሰዎች፣ አንዲት አህያ፣ ገና እግሩ የማይጸና ውርንጭላ፣ ጥቂት የጨው ሸክም አየሁ። መካከላቸው ድንጋይ ላይ ዳኛ ተቀምጧል። በቅሎው ከበስተጀርባው ታስራለች። ዳኛ ካላቸው እኛን ምን ያደርጉናል ብዬ ፍጥነት ጨመርኩ።

«በሕግ አምላክ! ሁለት ዳኛ ይሻለናል! በሕግ አምላክ!»

«አቁም» አሉ አባቴ። ድንጋዩ ላይ የተቀመጠው ቀና ሲል የክሳችን ባለቤት፣ የሟች ወንድም ሆኖ ተገኘ። (በጽሑፍ አንቱ ልለው ይገባ ነበር፤ ግን ከሳሻችን ነውና ይቅርብኝ።) እሱም በሌሊት ተነስቶ ወደ ቀጠሮው ሲገሰግስ በሕግ አምላክ ተብሎ የተያዘ ነው።

ሌላ አገር ቢሆን ሁለት ባላጋራ እንዲህ ሲገናኝ ይደባደብ ይሆናል። እኛ ዘንድ ግን ችሎት ፊት እስኪቆሙ ድረስ አማች አማች ነው። ከሳሻችን ከድንጋዩ ተነሳና ከአባቴ ጋር ተሳሳሙ።

«እንዴት ሰነበቱ፣ አማቼ?» አለ እሱ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ? ቤት ደህና? ከብቱ?»

«ደህና። የአዳማ ሰዎች ደህና ናቸው? ይኸ የተቀመጡበት አውሬ ምንድን ነው?»

ሰላምታው ብቻውን ግማሽ ቀን ሊወስድ ነበር። ከዚያ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጉዳዩ ይህ ነው፤ ጨው ነጋዴው አህያዋን ከገበሬው ተከራየ። መንገድ ላይ አህያዋ ወደቀችና ወለደች። ነጋዴው ጨውን በጀርባው እየተሸከመ፣ እሷን እያስታመመ፣ ውርንጭላውን ከጅብ እየጠበቀ ሰነበተ። አሁን ገበሬው «አህያዬ ወለደች፣ ውርንጭላው የእኔ ነው» ይላል። ነጋዴው «እኔ ባልኖር የጅብ እራት ነበር፣ የእኔ ነው» ይላል።

አባቴ ወደ ፀሐይዋ አዩ። ወደ አማቻቸው አዩ። ወደ እኔ መጥተው ጠፍሩን የሚያጠብቁ መስለው በጆሮዬ አንሾካሸኩ።

«እኔ ዛሬ እዚህ ተራራ የሚያህል ነገር አወራለሁ። እሱ ነገር እየሰማ ተነስቶ የሚሄድ ሰው አይደለም፤ እንደ እኔው ነው። አንተ ሂድ። እህቴ በሰዓቷ ዳኛው ፊት ትቁም። እሱ ከቀረ ምስክርም አያስፈልጋት።» ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ሂድና መጣን በላቸው!» አሉ።

መሪዋን ያዝኩ። ዶቅዶቄዋን ሊገፉ ጨው ነጋዴውና ገበሬው መጡ። አልበቃ ሲል ከሳሻችን ራሱ ኩታውን አደግድጎ መጣና «በል፣ በርታ ልጄ!» እያለ ገፋኝ። በገዛ እጁ ወደ ተሸናፊነቱ ገፍቶ የላከኝ ሰው እሱ ብቻ ነው። ስርቅ ከኋላዬ የአባቴ ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ «ደም ነው! ውርንጭላው የባለ አህያው ደም ነው!» አማችየውም ወዲያው፣ «ደሙ ምን ያደርጋል? የደከመበትስ?» እያለ ይጮህ ነበር።

ሻሸመኔ ስገባ ገበያው ሁሉ ተበተነ፤ የቆዳ ገበያውን ለማየት ሰው መሰብሰብ ሊኖርብኝ ነው። አክስቴ ነጭ ነጠላዋን በመስቀለኛ አጣፍታ ችሎቱ ግቢ ቆማለች። ብቻዬን ስታየኝ ፊቷ አመድ ሆነ።

«ወንድሜስ?»

የአባቴን መልእክት በጆሮዋ ነገርኳት። አልሳቀችም። ነጠላዋን አጥብቃ ወደ ዳኛው ዞረች።

እኩለ ቀን ሆነ። አስጠሪው ወደ በሩ ወጥቶ የከሳሹን ስም ጮኸ። ዝም። እንደገና ጮኸ። ዝም። የግቢው ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ መንገዱ መዘዘ። እኔ በአንድ እግር ቆሜ በሌላው መሬት እቆፍራለሁ፤ ጉድጓዱ ትንሽ ቢቀረው ውኃ ያወጣ ነበር። አንዴ ሲጠሩት ባይመጣ እላለሁ፣ መልሼ ደግሞ በሕግ ስም ተይዞ በሕግ ሲረታ ያሳዝነኛል። ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠርገው ሊፈርዱ አፋቸውን ሲከፍቱ አክስቴ ወደ ፊት ወጣች።

«ጌታዬ፣ ይጠበቅልኝ።»

«ማን ይጠበቅልሽ?»

«ከሳሼ። መንገድ ላይ በሕግ አምላክ ተብሎ ከወንድሜ ጋር ዳኝነት ተቀምጧል። ዛሬ በባዶ ቦታ ከረታሁት፣ ዕድሜ ልኩን ብመጣ አሸንፋት ነበር እያለ ይኖራል። በየሠርጉ፣ በየልቅሶው ሲያወራው ልሰማ ነው። እንቅልፍም አይወስደኝ። ይምጣና ፊት ለፊት ይረታ።»

«አክስቴ፣ አበድሽ?» አልኩ ሳላስበው።

«አንተ ዝም ብለህ ቁም፣ ከቻልክ» አለችኝ።

ዳኛው ወደ ፀሐይዋ ቀና ብለው አዩ። «እስከ ማታ እጠብቃለሁ» አሉ።

ፀሐይዋ ወደ ኮረብታው ስትወርድ መጡ። ሰልፍ ነበር የሚመስለው። ከሳሻችን በቅሎውን ለአባቴ ለቅቆ በእግሩ፣ አባቴ በቅሎ ላይ ሆነው፣ ሁለቱም እየተከራከሩ። ከኋላቸው ጨው ነጋዴው፣ አህያዋ፣ ውርንጭላው፣ መጨረሻ ላይ ኩርፊያ ፊቱን ያሳበጠው ገበሬ። አማችየው ለድካም ፈርዶ አባቴን አሸንፎ ውርንጭላውን ለነጋዴው ሰጥቶታል። ገበሬው ግን ይግባኝ ብሎ ሻሸመኔ ድረስ ተከትሏቸዋል።

አባቴ እህታቸው አሁንም ዳኛው ፊት ቆማ ሲያዩ ከበቅሎዋ ሊወድቁ ነበር። «አላለቀም እንዴ?»

«እናንተን ስንጠብቅ» አለች።

አባቴ ከበቅሎዋ ወረዱ። ማሉ፤ መሰከሩም። አልጋው የት እንደነበር፣ ሟቹ ምን እንዳለ፣ ቄሱ መስቀላቸውን በየትኛው እጅ እንደያዙ ሁሉ። አማችየው ተነሳ።

«ጌታዬ፣ አማቼ ውሸታም አይደሉም። ወንድሜ ግን ትኩሳት ላይ ነበር፣ የሚናገረውን አያውቅም። እኔ ደሙ ነኝ። ቤት በደም ይወርዳል እንጂ አልጋ አጠገብ ለተቀመጠ አይሰጥም።»

ከሕዝቡ ጀርባ ጩኸት ተነሳ። ገበሬው ነው። ሰው እየገፋ ወደ ፊት መጣ።

«በሕግ አምላክ! ጌታዬ፣ ለቤቱ ደም የሚባል ከሆነ ውርንጭላዬ ይመለስልኝ! ዛሬ ጠዋት እኚህ ሰውዬ ደም ምንም አይደለም፣ የደከመ፣ ያስታመመ ይውሰድ ብለው ፈረዱብኝ!»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ነገሌ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ዳኛው ግን አልሳቁም።

«እውነት ነው? እንዲህ ብለህ ፈርደሃል?»

አማችየውን ላብ አጠመቀው። ወደ ገበሬው አየ፣ ወደ ውርንጭላው አየ፣ ወደ አክስቴ አየ። ጠዋት የፈረድኩት ልክ አልነበረም ቢል ቤቱን ሊያገኝ ይችላል። አንድ ቃል ነበረች የቀረችው። እኔም መቆፈሬን ተውኩ።

«ፈርጃለሁ» አለ በመጨረሻ። «የፈረድኩትን አልሽርም።»

አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ቤቱን ቢያጣም ቃሉን ያልበላ ሰው አይተው ደስ ሲላቸው የሚያደርጉት ነው። ቤቱና ጓሮው ለአክስቴ ተፈረደ። ውርንጭላውም ጨው ነጋዴው ዘንድ ቀረ። ገበሬው ብቻ ለምን እንደጮኸ ሳይገባው አህያውን እየነዳ ሄደ።

እኔ ወዲያው እንነሳ፣ በመንገድ እናድራለን አልኩ። የሰማኝ የለም። አክስቴ ሁላችንንም ወደ ቤቷ ነዳችን፤ አማችየውንም በክንዱ ይዛ። ከጓሮዋ እንሰት የተሠራ ቆጮ፣ አይብና ጎመን አቀረበች። አማችየው እየጎረሰ ዓይኖቹን ወደ ጣሪያው ሰቅሎ ቆየ።

«ይግባኝ እላለሁ» አለ።

«በል» አለች አክስቴ፣ ቅቤ እየጨመረችለት።

«በዚያ በኩል ያፈሳል። ክረምት ሳይገባ ክዳኑን ማደስ አለብሽ።»

«ሣር የሚያጭድ ሰው ላክልኝ እንግዲህ።»

ዓይኑን ከጣሪያው አወረደ። «ሰኞ እልካለሁ» አለ፣ ወዲያውም ወደ ጎመኑ እጁን ሰደደ።